አባባ ፎቶ የተነሡ ዕለት

አባቴ ፎቶ አይነሡም። እንደ ብዙ አዛውንት ካሜራ ሲያዩ ፊታቸውን ያኮሳትራሉ ማለቴ አይደለም፤ ጭራሽ አይነሡም። ደሴ እህቴ ስትዳር የተነሣነው የቤተሰብ ፎቶ ዛሬ አሌክሳንድርያ እሷ ሳሎን ውስጥ ተሰቅሏል። እናቴ፣ አላህ ይርሀማት፣ አለች። አጎቶቼ አሉ። የሰፈር ሰው ሳይቀር አለ። ከእናቴ ቀኝ በኩል ግን አንድ ሰው የሚያህል ክፍት ቦታ ይታያል። አባባ እዚያ ቆመው ነበር፤ ፎቶ አንሺው "ዝግጁ!" ሲል ቀስ ብለው ዞር አሉ።

ምክንያታቸው የሃይማኖት ነው። በልጅነታቸው ወሎ ውስጥ ያስቀሯቸው ሸህ ነፍስ ያለውን ፍጡር መሣል ከፈጣሪ ጋር መፎካከር ነው ብለው አስተምረዋቸዋል፤ እሳቸውም ዕድሜ ልካቸውን ልጆች ሲያስቀሩ ይህንኑ ይዘው ኖሩ። ፎቶ መስታወት ውስጥ እንደማየት ነው፣ ችግር የለውም የሚሉ ሸሆችም ብዙ ናቸው። እኔ እዚህ ብይን ልሰጥ አልመጣሁም። የአባቴን ጠባይ ነው የምነግራችሁ። ለፓስፖርትና ለግሪን ካርድ ተነሥተዋል፤ "እሱ ዶሩራ ነው፣ መንግሥት ሲያስገድድ ምን ይደረጋል" ይላሉ። ከዚያ ውጪ አይሞከርም። አሜሪካ ከገቡ አራት ዓመታቸው ነው፤ አሁን 81 ዓመት ሆኗቸዋል፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ በልጆቼ ስልክ ውስጥ ያላቸው ቢበዛ የጀለቢያቸው ጫፍ ወይም ከኋላ የታየ ኮፍያቸው ነው።

እኛ ልጆቻቸው ለምደነው ትተነዋል። ያልተወችው የእህቴ ልጅ ናት።

አራተኛ ክፍል ናት። ባለፈው ዓመት የፀደይ ወቅት አስተማሪዋ "ቤተሰቤ ከየት መጣ" የሚል የፖስተር ፕሮጀክት ሰጠቻቸው። ለእናትና ለአባት፣ ከዚያ ለአራቱ አያቶች ሣጥን ተሠርቷል፤ በየሣጥኑ ፎቶ፣ ስም፣ የትውልድ ቦታ። ሦስቱ አያቶች ሞሉ። አራተኛው፣ አብሯት የሚኖረው፣ ጠዋት ጠዋት ጸጉሯን ስትሠራ አጠገቧ ተቀምጦ ሻይ የሚጠጣው፣ ባዶ ሆነ።

"አባባ፣ አንድ ብቻ! ማንም አያይህም" አለች። አንቱታውን ገና አልለመደችም፤ እሳቸውም አያርሟትም።

"ስሜን ጻፊው እናቴ። ስም ይበቃል።"

"ስም ብቻ ካደረግኩማ ሞተሃል ይሉኛል!"

እህቴ ይህንን ስትነግረኝ ሳቅን። ልጅቷ ግን አልሳቀችም። ለፓስፖርት የተነሡትን እናስቀዳላት ቢባል "እሱ አባባ አይደለም፣ የፈራ ሰውዬ ነው" አለች። ልክ ናት፤ እዚያ ፎቶ ላይ ፈርተዋል።

በዚሁ ሰሞን የትምህርት ቤቱ ፊልድ ትሪፕ ደረሰ። ቨርጂኒያ አራተኛ ክፍል የሚማር ልጅ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ የስቴቱን ታሪክ የሚማሩበት ዓመት ስለሆነ ወደ ጄምስታውንና ዮርክታውን ይወስዷቸዋል። እህቴ ሺፍት ስለነበራት እኔ ተተካሁ። ከሲልቨር ስፕሪንግ ሌሊት ተነሥቼ፣ ቤልትዌዩ ገና ባዶ ሳለ አሌክሳንድርያ ደረስኩ። ከዚያ በ95 ወደ ሪችመንድ፣ ከሪችመንድ በ64። የሃምሳ ልጅ ጩኸት ባለበት አውቶብስ ውስጥ እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም።

ዮርክታውን የአሜሪካ አብዮት ሙዚየም ውስጥ ጠመንጃ አየን፣ መድፍ አየን፣ ዊግ ያደረጉ ነጫጭ ጌቶች አየን። እኔ እግሬን አሞኝ መቀመጫ እየፈለግኩ ነበር። አንድ ልጅ "አረብ አለ! እዩት፣ አረብ!" ብሎ ጮኸ። ዞር ስል የእህቴ ልጅ ከአንድ ሥዕል ፊት ቆማለች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ "አጎቴ፣ አባባን ይመስላል" አለችኝ።

የዘይት ቀለም ሥዕል ነው። አንድ ጥቁር ወጣት ሰው፣ ነጭ ጥምጣም፣ ነጭ ልብስ። በአንገቱ ቀይ ማኅደር የመሰለ ነገር አንጠልጥሏል። የቁርኣን ጽሑፍ የያዘ ነው ይባላል። ፊቱ ቀና ያለ ነው፤ አያስፈራም፣ አይለምንም። አባቴን በመልኩ አይመስልም። ልጅቷ የተናገረችው አቀማመጡን ነው። አባባ ከሶላት በኋላ ሶፋው ጫፍ ላይ እንደዚያ ነው የሚቀመጡት።

እውነቱን ልናገርና እኔም በመጀመሪያ አረብ መስሎኝ ነበር፤ የየመን ወይም የሱዳን ሸህ። አባባንም እኮ ዳሽ አውቶብስ ላይ ሰዎች "አረብ ነህ?" እያሉ ይጠይቋቸዋል። ጥምጣምና ጀለቢያ ያየ ሁሉ ወዲያው ወደ አረብ ይሄዳል፤ እኛ ራሳችንም። መግለጫውን ሳነብ ግን ሰውየው አዩባ ሱሌይማን ዲያሎ ይባላል፤ የፉላኒ ሰው፣ ዛሬ ሴኔጋል በሚባለው አገር ምሥራቃዊ ክፍል ከነበረች ቡንዱ ከምትባል ግዛት። ሠዓሊው ዊልያም ሆር የሚባል እንግሊዛዊ ነው፤ ዘመኑ 1733 (እንደ ፈረንጆቹ)። አዩባ የኢማም ልጅ ነው፤ ራሱም ቁርኣንን በቃሉ የያዘ አዋቂ። ይህ ሰው ደግሞ በባርነት ተሽጦ የመጣው እዚሁ እኛ ሰፈር፣ ሜሪላንድ ነው።

ሜሪላንድ የሚለውን ሳይ እግሬን ማመሙን ረሳሁት።

ቤት ስመለስ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። በዚያው ሳምንት ቅዳሜ አሌክሳንድርያ ሄጄ ከምሳ በኋላ ለአባባ ነገርኳቸው። ልጅቷ ሥዕሉን በታብሌት ከፍታ ጠረጴዛው ላይ አቆመችው። አባባ አንዴ አይተው ዓይናቸውን አነሡና "ንገረኝ፣ ማን ነው?" አሉኝ።

ነገርኳቸው። በ1730ዎቹ መጀመሪያ አባቱ አዩባን ወደ ጋምቢያ ወንዝ ላከው። የእንግሊዝ መርከብ መጥቷልና ሁለት ባሪያ ሸጦ ወረቀትና ሌላ የሚያስፈልግ ነገር እንዲገዛ ነው። ፓይክ ከሚባለው የመርከብ አዛዥ ጋር በዋጋ አልተስማማም፤ ወንዙን ተሻግሮ ሁለቱን ሰዎች በከብት ለወጣቸው። ሲመለስ ከአንድ ወዳጁ ቤት አረፍ አለ፤ መሣሪያውን ግድግዳ ላይ ሰቀለ። በዚያች ሰዓት የማንዲንጎ ሰዎች ገብተው ያዙት። በጦርነት የተማረከ እንዲመስል ጸጉሩንና ጺሙን ላጩት።

"ጺሙን?" አሉ አባባ። የራሳቸውን ጺም ያዝ አደረጉ።

"ጺሙንም። ከዚያ ለዚያው ለፓይክ ሸጡት።"

አባባ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀጠልኩ። መርከቡ አናፖሊስ አደረሰው። አናፖሊስ ማለት እኔ ሰው ጭኜ ስንት ጊዜ የተመላለስኩባት ከተማ ናት፤ ከሲልቨር ስፕሪንግ መንገዱ ከቀና አንድ ሰዓት አይሞላም። ከዚያ ኬንት ደሴት ላይ ያለ አንድ ትምባሆ አምራች ገዛው። ኬንት ደሴት የት ነው ለምትሉ፣ ሰመር ላይ ልጆች ይዘን ኦሽን ሲቲ ስንሄድ የቤይ ብሪጅን እንደተሻገርን የምናገኘው ነው። ቤንዚን የምንቀዳበት። ልጆች ሽንት ቤት የሚሉበት። እዚያ ነው።

የትምባሆ ሥራ ስላልቻለ ከብት እንዲጠብቅ አደረጉት። ከብቶቹን ትቶ ጫካ ገብቶ ይሰግድ ነበር። አንድ ነጭ ልጅ እየተከተለ ያፌዝበታል፤ ግንባሩን ለሱጁድ ሲደፋ ፊቱ ላይ አፈር ይበትንበታል።

የእህቴ ልጅ "ስንት ዓመቱ ነው ልጁ?" ብላ ጠየቀች። አባባ መለሱላት፦ "እንዳንቺ ይሆናል። ማን አስተማረው በይ።"

አዩባ ጠፋ። ተያዘና ታሰረ። ቶማስ ብሉት የሚባል ሰው እዚያ አገኘው፤ ታሪኩንም ኋላ በ1734 ለንደን ውስጥ አሳትሞ ያወጣው እሱ ነው። እንግሊዝኛ አይችልም። ጻፍ ብለው ምልክት ሲያሳዩት አንድ ሁለት መስመር ጽፎ አነበበላቸው፤ ካነበበው ውስጥ "አላህ" እና "ሙሐመድ" የሚሉትን ብቻ ለዩ። የወይን ጠጅ ቢሰጡት እምቢ አለ። ሙስሊም መሆኑን በዚያ አወቁ። ወደ ጌታው ሲመለስ የሚሰግድበት ቦታ ተሰጠው። ከዚያ ለአባቱ በዐረብኛ ደብዳቤ ጻፈ፤ ያለሁት እዚህ ነው፣ አስፈቱኝ ብሎ። ደብዳቤው ቡንዱ አልደረሰም። ለንደን ደረሰና ጄምስ ኦግልቶርፕ እጅ ገባ፤ ኋላ የጆርጂያን ቅኝ ግዛት የመሠረተው ሰውዬ ነው። ኦክስፎርድ አስተርጉሞ ካነበበ በኋላ በ45 ፓውንድ ሊያስለቅቀው ተዋዋለ። በ1733 የጸደይ ወራት አዩባ ለንደን ገባ። እዚያ ቁርኣንን ከቃሉ ሦስት ጊዜ ሙሉ በሙሉ ጻፈ።

"ሦስት ጊዜ" አሉ አባባ። እሳቸው የሚያውቁት ነገር ላይ ደረስን። ወሎ ውስጥ ኪታብ በእጅ ሲገለበጥ ያዩ፣ የገለበጡም ናቸው፤ አማርኛንም በዐረብ ፊደል፣ በዐጀም፣ ሲጽፉ ያደጉ ሰው ናቸው። "ወረቀቱን ማን ሰጠው?" ብለው ጠየቁኝ። ይህ ጥያቄ ለምን እንደመጣ ያኔ አልገባኝም።

ከዚያ ወደ ሥዕሉ መጣሁ። ለንደን ያሉ ወዳጆቹ አሣሉን እንያዝህ ሲሉት አዩባ አልፈልግም አለ። የትኛውንም ዓይነት ሥዕል ይጠላ ነበር፤ ሰዎች ሥዕሉን እንዳያመልኩት ፈራ። የምንፈልገው እንድናስታውስህ ብቻ ነው፣ ለሌላ አይደለም ብለው ብዙ ለመኑት። በመጨረሻ እሺ አለ። ፊቱ ተሥሎ ሲያልቅ ሠዓሊው በምን ልብስ ላድርግህ አለው። አዩባ በአገሬ ልብስ አለ። ሠዓሊው ያላየሁትን ልብስ እንዴት እሥላለሁ ሲል አዩባ መለሰለት፤ ያላየኸውን ልብስ መሣል ካቃተህ፣ ማንም አይቶት የማያውቀውን እግዚአብሔርን እናንተ ሠዓሊዎች እንዴት ደፍራችሁ ትሥላላችሁ?

አባባ ሳቁ። እንደዚያ ሲስቁ እናቴ ከሞተች ወዲህ አይቼ አላውቅም። ዓይናቸው እንባ እስኪያቀር ሳቁ፤ እህቴ ምን ሆናችሁ ብላ ከኩሽና ወጣች። "አብሽር! አብሽር!" እያሉ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱት፤ ሰውዬው እዚያ ያለ ይመስል። ሲረጋጉ "ታዲያ በምን ልብስ ተሣለ?" አሉኝ።

"በአገሩ። እንዲህ ነው ብሎ ነግሮት።"

ታብሌቱን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉና መነጽራቸውን አውጥተው ሥዕሉን አዩት። ልጅቷ ትንፋሿን ውጣ ትጠብቃለች። እኔም አበቃ፣ ተሳካልን ብዬ ነበር።

"ሁለቱስ?" አሉ።

"የትኞቹ ሁለት?"

"ሊሸጣቸው የወሰዳቸው። ሥዕል አላቸው?"

የላቸውም አልኳቸው። ስማቸውም እንኳ አልተጻፈም፤ መጽሐፉ ውስጥ ሁለት ባሪያ ተብለው አልፈዋል። ሁለቱን በከብት ለውጦ፣ እሱ ራሱ መንገድ ላይ ተያዘ።

"ወረቀት ሊገዛ" አሉ አባባ። መነጽራቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና አሱር ደርሷል ብለው ተነሡ።

በዚያን ዕለት ፎቶም ሆነ ወሬ አልተነሣም። ሥዕሉ ግን ከእኔ አልወጣም፤ ስለ እሱ ትንሽ ላጫውታችሁ። ሆር አዩባን የሣለባቸው ሁለት ሥዕሎች ይታወቃሉ። አንዱ ዮርክታውን ያለው ነው። ሌላው በ2009 ለንደን ለጨረታ ወጥቶ የኳታር ሙዚየሞች ገዙት፤ በውሰት በለንደኑ ብሔራዊ የፖርትሬት ጋለሪ ታይቷል። ዮርክታውን ራቀን የምትሉ ደግሞ ጆርጅታውን ውስጥ ያሮው ማሙት የሚባል ሌላ የፉላኒ ሙስሊም ነበረላችሁ። በ1752 በመርከብ አናፖሊስ የገባ፣ 60 ዓመት ገደማ ሲሆነው በ1796 ነጻ የወጣ፣ በ1800 ዴንት ፕሌስ በሚባለው መንገድ ላይ የራሱን መሬት የገዛ ሰው ነው። እሱንም ሁለት ሠዓሊዎች በዘይት ቀለም ሥለውታል፤ ቻርልስ ዊልሰን ፒል በ1819፣ ጄምስ አሌክሳንደር ሲምፕሰን በ1822። የሲምፕሰኑ የጆርጅታውን ቤተ መጻሕፍት ንብረት ነው፤ በ2007 ቤተ መጻሕፍቱ ሲቃጠል ከእሳት ያተረፉት ነው። ያሮው ሲሞት የተቀበረው ከግቢው ጥግ፣ ይሰግድበት ከነበረው ቦታ ላይ ነው ተብሎ ተጽፏል። በዚያ መንገድ ሌሊት ሰው ሳደርስ አሁን ፍጥነቴን እቀንሳለሁ።

አዩባ ደግሞ በ1734 አገሩ ተመለሰ። ሲደርስ አባቱ ሞተዋል። ነጻ ወጥቶ ጋምቢያ ከገባ በኋላ እሱ ራሱ አንዲት ሴት ባሪያ መግዛቱን አንድ የዘመኑ እንግሊዛዊ ነጋዴ ጽፏል። ይህንን ለአባባ አልነገርኳቸውም። ልነግራቸው ነበር፤ አፌ አልታዘዝ አለኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ስሄድ አባባ ጠብቀውኛል። እህቴም ልጅቷም ይቀመጡ አሉ።

"እናንተ የማታውቋት አንዲት ሴት ነበረች" ብለው ጀመሩ። በአያታቸው ቤት ትኖር የነበረች። ከየት እንደመጣች ልጅ ሆነው አይጠይቁም፤ ከሩቅ፣ ከምዕራብ በኩል እንደሆነ የሰሙት ከፍ ካሉ በኋላ ነው። በዚያ ዘመን ሰው በየገበያው እየተሸጠ፣ በአሊዩ አምባና በእኛ በወሎ በኩል ወደ ታጁራ ወደብ ይነዳ ነበር፤ ሁሉም ባሕር አልተሻገረም፤ መንገድ ላይ የቀረ፣ ቤት ውስጥ የቀረ ብዙ ነው። ባርነትን የሚሽረው አዋጅ የወጣው በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 1934 ነው። አባባ ሲወለዱ አዋጁ ወጥቷል። እሷ ግን እዚያው ቤት ነበረች፤ የት ትሄዳለች?

"እኔን አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ናት" አሉ። "እናቴ ታማ ነበር። ከጀርባዋ አልወርድም ነበር። ሩጫ የተማርኩት እሷ ውሃ ስትቀዳ ስከተላት ነው። ቁርኣን ልቀራ ስሄድ ሰሌዳዬን ታጥብልኝ ነበር። እሷን ግን ማንም አላስቀራትም። 'ባሪያችን' ነበር የሚሏት፤ እኔም አንድ ቀን ልጅ ሆኜ ብያታለሁ።"

ዝም አልን። እህቴ "አባባ፣ ይህንን ለልጅ..." ብላ ጀመረች፤ አልጨረሰችውም።

አባባ ስሟን ነገሩን። እዚህ አልጽፈውም፤ የቤተሰባችን ነገር ነው። የአባቷን ስም ግን አያውቁም። የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

"እሱ ሰውዬ እሺ ብሎ ተሥሏል። እኔም እሺ" አሉ ወደ ልጅቷ ዞረው። "በሁለት ነገር ግን። አንዱ፣ በልብሴ። ሁለተኛው፣ የእሷንም ስም ጻፊልኝ። ከእኔ አጠገብ።"

እንግዲህ ጭቅጭቁ የተነሣው እዚህ ላይ ነው። ማታ ልጅቷ ስትተኛ እህቴ ኩሽና ጠራችኝ። "እብድ ናችሁ?" አለች። "የልጄ የልብ ጓደኛ ጥቁር አሜሪካዊት ናት። እናቷ ልጄን ከትምህርት ቤት ታመጣልኛለች። በየቀኑ በዱክ ስትሪት ነው የማልፈው፤ ያ ሰው ሲሸጥበት የነበረው ቤት ቁጥር 1315 ላይ ቆሟል፣ ሙዚየም ሆኗል፤ ልጆቹን ይዘውም ሄደዋል። አሁን የኔ ልጅ ግድግዳ ላይ 'እኛም ነበረን' ብላ ትለጥፍ?"

መጀመሪያ የእህቴን ወገን ያዝኩ። ለምን እዋሻለሁ። እዚህ አገር ስንኖር እኛ ከዚያ ታሪክ ውጪ ነን ብለን ነው የምንኖረው። እኛ ቅኝ ያልተገዛን፣ እኛ የዓድዋ ልጆች። ስለ ዱክ ስትሪቱ ቤት ለልጆቻችን ስንነግር "እነሱ" እያልን ነው የምንነግረው። ይህ የቤተሰብ ገመና አሥር ዓመት ባልሞላት ልጅ እጅ ትምህርት ቤት ድረስ መሄድ አለበት ወይ? ለአባባ እንዲህ ላስረዳቸው ገባሁ። እየሰገዱ ነበር። እስኪጨርሱ ቆሜ ጠበቅኩ፤ ሲጨርሱ የቆምኩበት ነገር ሁሉ ጠፋብኝ። "ደህና እደሩ" ብዬ ወጣሁ።

ያስታረቀችን ልጅቷ ናት፤ እሷም አስባበት አይደለም። ጠዋት ለእናቷ "ምን እንደነበረች አልጽፍም፣ ስሟን ነው የምጽፈው፣ አባባ ስም ይበቃል ብሏል" አለቻት። እህቴ ረጅም ጊዜ ሳህን አጠበች። ከዚያ "ፖስተሩ ላይ ቦታ አለሽ?" አለቻት።

ፎቶው እሑድ ተነሣ። እህቴ ለዒድ የገዛችላቸውን ሱፍ አውጥታ ተኩሳ ነበር፤ አባባ አዩትና "ይህ የማን ልብስ ነው?" አሉ። ነጩን ጀለቢያ ለበሱ፣ ጋቢ ደረቡ፣ ጥምጣማቸውን ራሳቸው ጠመጠሙ፤ ሁለት ጊዜ አፍርሰው እንደገና ጠመጠሙት። መስኮቱ አጠገብ ወንበር አደረግንላቸው። የእህቴ ልጅ ስልኩን ይዛ "አባባ ፈገግ በል" ስትላቸው "አልልም፣ እሱ ፈገግ ብሏል እንዴ?" አሏት። አንድ ጊዜ ተነሡ። አንድ ብቻ። ስልኩ ላይ አሳየቻቸው። ብዙ ቆይተው "አባቴን መስያለሁ" አሉ። የአያቴን ፎቶ ከመካከላችን አይቶ የሚያውቅ የለም፤ አልተነሡምና።

ከዚያ ከአባባ ሣጥን ጎን በእርሳስ አዲስ ሣጥን ተሠመረ፤ ከሌሎቹ ትንሽ ጠመም ያለ። ልጅቷ ስሟን በአማርኛ ጻፈች፤ አንዱን ፊደል አባባ አረሟት። ከሥሩ እሳቸው በዐጀም ጻፉት። ፎቶ የሚለጠፍበት ቦታ ነጭ ሆኖ ቀረ።

ወላጆች የተጠሩበት ምሽት ሁላችንም ሄድን፤ አባባ ብቻ ብርድ ነው ብለው ቀሩ። ፖስተሮቹ በመተላለፊያው ግድግዳ ላይ ተደርድረዋል። እህቴ የልጇ ፖስተር ፊት ቆማለች፤ አቋቋሟን ሳየው በትከሻዋ ያንን ጠማማ ሣጥን ሸፍናለች። የጓደኛዋ እናት መጣች፣ ተሳሳሙ። አባባን አየቻቸውና በጣም አደነቀች፤ ሸህ ናቸው ወይ፣ አረብ ናቸው ወይ ብላ ጠየቀች። ልጅቷ "አረብ አይደለም፣ ወሎ ነው" አለች። ከዚያ የእናቷን ቀሚስ ጎተት አድርጋ አስለቀቀችና በጣቷ አሳየች።

"ይቺ ደግሞ አባባን ያዘለችው ናት።"

"ፎቶዋስ?" አለች ሴትየዋ።

እህቴ ወደ እኔ አየች። ከዚያ ከግድግዳው ሥር ከነበሩት ትናንሽ የልጆች ወንበሮች ሁለቱን ስባ ሴትየዋን አስቀመጠቻትና አጠገቧ ተቀምጣ ማውራት ጀመረች። እኔ ልጆቹን ይዤ ኩኪስ ወዳለበት ጠረጴዛ ሄድኩ።